ፎቶዎቹ በስልክ ላይ መዝለል ያቆሙት እንዴት ነው?

እዚህ ሐዋሳ የአንድ የሀበሻ ልብስ ሱቅ የፎቶ ገጽ በስልክ ሲከፈት ያስቸግር ነበር። ደንበኛዋ አንዱን ቀሚስ ልትነካ ስትል ከላይ ያለው ፎቶ ዘግይቶ ይመጣና ሁሉንም ወደ ታች ይገፋዋል። ጣቷ ሌላ ቀሚስ ላይ ያርፋል። በጣም ያናድዳል!

ምክንያቱ ብሮውዘሩ ፎቶው እስኪደርሰው ድረስ ቁመቱን አለማወቁ ነው። ኮዱ ላይ የእያንዳንዱን ፎቶ ወርድና ቁመት ጻፍኩለት። ቦታው አስቀድሞ ተያዘ፤ መዝለሉም ቆመ።

ለዝርዝሩ ደግሞ ትንንሽ የዌብፒ (ፎቶን በአነስተኛ የፋይል መጠን የሚያስቀምጥ ፎርማት) ቅጂዎች አዘጋጀሁ። ትልቁ ፎቶ ትንሹ ሲነካ ብቻ ይወርዳል፤ የሰው ፓኬጅ በከንቱ ማለቅ የለበትም። በአንድ ረድፍ 3 የነበረውን 2 አደረግኩት። ጥለቱ አሁን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና።

ፎቶው ሲዘጋ ዝርዝሩ ካቆመበት ይቀጥላል።