ያገለገለ የማስተሪንግ ማሽን ሲያስቸግር፦ "ተበላሽቷል" ከማለታችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ያገለገለ ፋይናላይዘር ሹራብ ጠቅልሎበት በሻንጣ ይዞልኝ መጣ። ቲሲ ኤሌክትሮኒክ የሚባለው የዴንማርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የማስተሪንግ ሳጥን ነው፤ ማስተሪንግ ማለት ተቀድቶ የተቀላቀለውን ዘፈን ከመውጣቱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ማስተካከል ነው። ኢኪው (ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማስተካከያ)፣ ድምፁን ታች፣ መካከልና ላይ ብሎ ለይቶ የሚጨምቅ ባለ ሦስት ባንድ ኮምፕረሰር፣ ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ ሊሚተርም አብረው ታጭቀውበታል። በሦስተኛው ቀን "ሞቷል፣ ተሸውደናል" ብዬ ደወልኩለት። ማሽኑ ግን ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም ማሽኖች ስነካካ ቆይቻለሁ። "ተበላሸ" ከተባሉት አብዛኞቹ ችግራቸው ሴቲንግ ወይም ኬብል ነው። ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ቲክ ቲክ ይላል፣ ይቆራረጣል

እኔን ያሳበደኝ ይሄ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ሰላም ይሰራና ልክ ዘፈኑ ሲያምር ይጀምረዋል።

ምክንያቱ ሰዓት ነው። ዲጂታል ማሽን ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው፤ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ ይቆጥራል። ሁለት ማሽን አገናኝታችሁ ሁለቱም በየራሳቸው ሲቆጥሩ፣ ልዩነታቸው የፀጉር ያህል ቢሆን እንኳ እየተጠራቀመ ይሄድና የሆነ ጊዜ ላይ አንድ ሳምፕል (በእያንዳንዱ ቆጠራ የሚያልፈው የድምፅ ቁራጭ) ይዘለላል ወይም ይደገማል፣ ጠቅ የሚለውም ያኔ ነው። ሁለት ከበሮ መቺዎች ግድግዳ ለይቷቸው አንድ ዘፈን ሲመቱ አስቡት።

መፍትሄው አለቃውን አንድ ማድረግ ነው። ሳውንድ ካርዱ በራሱ ሰዓት ይሂድ፤ ማሽኑ ግን ሰዓቱን ከዲጂታል መግቢያው ይውሰድ። የኔ ሁለቱም በራሳቸው ሰዓት ነበሩ። ሦስት ቀን የበላኝ ችግር በሁለት ቁልፍ ተፈታ።

ይህን አድርጋችሁ ጨርሶ ካልተያያዘ ኮምፒውተሩ ላይ በመቅጃ ሶፍትዌሩ የከፈታችሁትን ፕሮጀክት እዩት። የመጀመሪያው ፋይናላይዘር ከ48 ኪሎ ኸርዝ በላይ አያውቅም። በ96 የተከፈተ ፕሮጀክት ብትልኩለት አይቀበላችሁም፤ ለዚያ በኋላ የወጣው 96ኬ የሚባለው ሞዴል ነው የሚሆነው። ዘፋኙ ድንገት ጎርነን ብሎ ዘፈኑም ከተጎተተ ደግሞ የ48 ፕሮጀክት በ44.1 ሰዓት እየተጫወተ ነው። ወደ አንድ ተኩል ሰሚቶን ይወርዳል። የማያውቅ ሰው "ቅላጼው ተቀየረ" ይላል።

ሰዓቱ ተስተካክሎም ጠቅታው ካልቆመ ኬብሉን ቀይሩ። ለኤስፒዲፍ (በአንድ ክብ ጫፍ ላለው ኬብል የሚሄደው ዲጂታል መስመር) ባለ 75 ኦም ኬብል ነው የሚያስፈልገው። ከድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ጋር የሚመጣው፣ ጫፉ ቢጫ የሆነው የቪዲዮ ኬብል ጥሩ አድርጎ ይሰራል። ቤት ውስጥ ፈልጉት፣ አይጠፋም።

ልቀዳ ስል ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት

ድምፁ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ ያልፍና ተመልሶ በሚቀዳበት ትራክ ይገባል። የዚያ ትራክ ሞኒተር (እየተቀዳ ያለውን መልሶ የሚያሰማው ቁልፍ) ክፍት ከሆነና ወደዚያው ወደ ማሽኑ መስመር ከተላከ ድምፁ ራሱን እያሳደደ ይዞራል። ሞኒተሩን ዝጉ፣ ወይም የትራኩን መውጫ ለይታችሁ ወደ ስፒከር ብቻ ላኩት። መጀመሪያ ግን ሄድፎኑን ከጆሯችሁ አውልቁ።

ጨርሶ አይበራም

ጀርባውን አንብቡ። "100-240" ካለ የኛን 220 ይችላል፤ የሶኬቱን ጫፍ መቀየር ይበቃል። 120 ብቻ ካለ ግን የአሜሪካ ነው፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። እኔ ፊት የነበረኝን ሌላ ኮምፕረሰር ሳላነብ ሰክቼው ሽታው ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ቆይቷል።

ቮልቴጁ ልክ ከሆነ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት ከውጭ የሚወጣ ፊውዝ ካለው እሱን እዩ። በዚያው አምፒር ቀይሩት። ወዲያው ድጋሚ ከተቃጠለ እዚያ ላይ አቁሙና ለጥገና ስጡት፤ ወፈር ያለ ፊውዝ ከትቶ መሞከር ሙሉውን ማቃጠል ነው። አምስት ጊዜ ተሞክሮ የሚነሳ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚሻለው ከሆነ ብዙ ጊዜ የፓወሩ ካፓሲተሮች ደርቀዋል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ለሆነው ዕቃ ይሄ እርጅና ነው። ለጠጋኙ ይህንኑ ንገሩት። ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል።

እምምም የሚል ድምፅ፣ ወይም ሲነኩት ይነዝራል

ከኮምፒውተሩና ከሚክሰሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩት፣ አናሎጉን በኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ዓይነት ኬብል) አገናኙት። ብዙ ጊዜ በዚህ ይጠፋል። ሳጥኑ ከነዘራችሁ ግን የቤቱን ግራውንድ በኤሌክትሪክ ሠሪ አስፈትሹ። "ግራውንዱን ቁረጠው ዝም ይላል" የሚላችሁን አትስሙ። አዎ፣ ድምፁ ዝም ይል ይሆናል፤ እናንተንም ዝም ሊያሰኛችሁ ይችላል።

ከበሮው በመታ ቁጥር ቤዙ ይሰምጣል

ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ግን በጣም ብዙ ሰው ማሽኑን የሚጠላው በዚህ ነው። ውስጡ ያሉት ፕሪሴቶች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ሴቲንጎች) የተሰሩት ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ነው። የኛ ከበሮ ታች ላይ ከባድ ነው፤ ቺክቺካ ላይ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። የታችኛው ባንድ በየምቱ ይጨመቅና ሳይመለስ ሌላው ምት ይደርሳል። ቤዙ አብሮ ይሰምጣል፣ ከዚያ እያቃሰተ ይወጣል።

ፕሪሴቱን ተዉት። የታችኛውን ባንድ ሬሾ (የመጨመቂያውን ኃይል) 2 ለ 1 ወይም ከዚያ በታች አድርጉት። አታኩን (መጭመቅ እስኪጀምር የሚቆየውን ጊዜ) ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ብትወስዱት የእጁ ምት ሳይነካ ያልፋል። ሪሊዙን (ለቆ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) የመጨመቂያውን ሜትር እያያችሁ ፈልጉት፣ ሜትሩ ከሚቀጥለው ምት በፊት ወደ ዜሮ መመለስ አለበት። ለትዝታ ዘገም ላለ ዘፈን የሚሆነው ለቺክቺካ አይሆንም። መጭመቂያው ከ1 እስከ 2 ዲሲቤል ብቻ ይሁን። ማሲንቆ ካለ የመካከለኛውን ባንድ ጌይን አታብዙ፤ ጆሮ መፋቅ ይጀምራል።

ሊሚተሩንም አታስጨንቁት። እነዚህ ማሽኖች የወጡት ሰው ሁሉ "ከሱ ሲዲ የኔ ይጩህ" በሚልበት ዘመን ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ከ−14 ላፍስ (የጩኸት መለኪያ) በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። የሊሚተሩን ጣሪያ −1 ዲሲቤል ላይ አድርጉት፣ የድሮ ሊሚተር በሳምፕሎች መካከል የሚወጣውን ጫፍ አያይም።

ትናንሾቹ

መብራት በሄደ ቁጥር ያስቀመጣችሁት ፕሪሴት ከጠፋ የውስጡ ሊቲየም ባትሪ አልቋል። ማስቀየር ርካሽ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ሴቲንጎቹን በስልክ ፎቶ አንሱ። ቁልፉ ሲዞር ከዘለለ ኮንታክት ክሊነር ረጭቶ ደጋግሞ ማዞር። ስክሪኑ ከጨለመ ኮንትራስቱን አስቀድማችሁ ሞክሩ፣ እዚያ ላይ የሞኝ ጥገና ገንዘብ ያወጣ ሰው አውቃለሁ። አንድ ጎን ብቻ ከጠፋ የግራና የቀኙን ኬብል አቀያይሩ፤ ዝምታው ከኬብሉ ጋር ከሄደ ጥፋቱ የኬብሉ ነው።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ፣ የበራ ስክሪን ፎቶ አይብቃችሁ። ውጭ ያለው ዘመዳችሁ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ያብራው፤ ሙቀት የሚያወጣው ችግር የሚታየው ያኔ ነው። ሁሉንም መግቢያና መውጫ በድምፅ ይሞክር፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫን፣ የጀርባውን የቮልቴጅ ጽሑፍ አንስቶ ይላክላችሁ። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ።