ዌይላንድን ለዕለት ተዕለት ሥራ ማዋል፦ በሰሜን ሸዋ ላሉ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሊኑክስ መስኮቶችን በስክሪን ላይ የሚያሳይበት ነባሩ ሥርዓት ኤክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም.አይ.ቲ. ተጀምሮ፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበት 11ኛው እትም በ1987 ወጥቷል። እርሱን እንዲተካ የታሰበው ዌይላንድ በ2008 ተጀመረ፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል ፌዶራ በ2016፣ ኡቡንቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሮ ካፈገፈገ በኋላ በ2021 ቀዳሚ ምርጫቸው አደረጉት። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ያለ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ወይም በመሐል ሜዳ ያለ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ዛሬ አዲስ ኡቡንቱ ቢጭን፣ ጠየቀም አልጠየቀም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ዌይላንድን ነው። «ዌይላንድ ለሥራ ደርሷል ወይ?» የሚለው ጥቅል ጥያቄ ብዙ አያራምድም፤ የሚበጀው የራስን ሥራ በራስ ማሽን ላይ መፈተሽ ነው።

ለፈተናው ኡቡንቱ 24.04ን እመርጣለሁ። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትም ከመሆኑም በላይ ሁለቱንም ሥርዓቶች አብሮ ይዟል፤ ከ25.10 ጀምሮ ግን የኤክስ ሴሽን ከዋናው ኡቡንቱ ወጥቷል፤ ማፈግፈጊያ የለውም ማለት ነው። የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ፣ ጎረቤት የሆኑ ቤቶች አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ቢቀባበሉት የዳታ ወጪው ይቀልላል። ምንም ሳይጭኑ ከፍላሹ አስነሥተው ስክሪኑን፣ ድምፁንና ዋይፋዩን ማየት ይቻላል። ከጫኑ በኋላ በየትኛው ሥርዓት ላይ እንዳሉ ለማወቅ ሴቲንግስን ከፍተው ሲስተም፣ ከዚያ አባውት፣ ከዚያም ሲስተም ዲቴይልስ ውስጥ ይግቡ፤ «ዊንዶዊንግ ሲስተም» በሚለው ፊት ዌይላንድ ወይም ኤክስ 11 የሚል ያገኛሉ። ለመቀየር ሎግ አውት አድርገው ስምዎን ይምረጡና፣ የይለፍ ቃል ከመጻፍዎ በፊት ከታች በቀኝ በኩል የምትታየውን ጥርስ ያላት የማርሽ ምልክት ተጭነው የሚፈልጉትን ሥርዓት ይምረጡ።

ከሁሉ በፊት የግራፊክስ ካርዱ ይታይ። የኢንቴልና የኤ.ኤም.ዲ. ካርዶች በአመዛኙ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖችም ብዙዎቹ ኢንቴል ናቸው። ኤንቪዲያ ከሆነ ግን የድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ቁጥር ወሳኝ ነው፦ በ2024 ከወጣው 555 ወዲህ መስኮት የመርገብገቡ ችግር በእጅጉ ቀንሷል። ከ470 በላይ ድራይቨር የማይቀበል አሮጌ ኤንቪዲያ ያለው ሰው በኤክስ ላይ ቢቆይ ይሻለዋል፤ በዚህ ላይ መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የሚፈተነው አማርኛ መጻፍ ነው። ለእኛ ስክሪን ላይ ያለው ውበት ሁሉ አቤቱታ መጻፍ ካልተቻለበት ዋጋ የለውም። በኤክስ ዘመን በተርሚናል ትእዛዝ የኪቦርድ አቀማመጥ መቀየር የለመደ ሰው ያ ትእዛዝ በዌይላንድ እንደማይታዘዝለት ማወቅ አለበት፤ ሥራው ወደ ሴቲንግስ ተዛውሯል። በኖም (GNOME፣ የኡቡንቱ ዋና ዴስክቶፕ) ኪቦርድ በሚለው ክፍል ኢንፑት ሶርስስ ላይ አማርኛን ይጨምሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ መጻፍ የለመዱ ከሆነ አስቀድመው የኢባስ ኤም17ኤን (ibus-m17n) ጥቅል ጭነው፣ ሎግ አውት ብለው ተመልሰው ይግቡ፤ ያን ጊዜ «ሴራ» የሚባለው የአማርኛ ዘዴ በዝርዝሩ ውስጥ ይወጣል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚቀያየሩት በሱፐር (የዊንዶውስ ምልክት ባለበት) እና በስፔስ ቁልፎች ነው። ኬ.ዲ.ኢ. ፕላዝማ የተባለውን ሌላ ዴስክቶፕ የሚጠቀም ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለበት፦ በሲስተም ሴቲንግስ ቨርቹዋል ኪቦርድ በሚለው ሥር «ኢባስ ዌይላንድ»ን መምረጥ። ይህች መስመር ካልተመረጠች አማርኛው በአንዱ ፕሮግራም ሠርቶ በሌላው እምቢ ሊል ይችላል፤ ሰውም ጥፋቱን በኪቦርዱ ላይ ያደርጋል።

ሙከራው ሁለት ቃል በመጻፍ አይለቅ። ከአመልካችና ከተጠሪ ስም እስከ ዳኝነት ጥያቄው ያለ ሙሉ አቤቱታ በሊብረኦፊስ ይጻፉ፤ ኃይሉንና ፀሐይን፣ ቋንና ኳን፣ አራት ነጥብንና ድርብ ሰረዝን ሁሉ ያስገቡ፤ ከዚያ ያንኑ ጽሑፍ ቀድተው በፋየርፎክስና በክሮም ላይ ይለጥፉ፣ በሁለቱም ላይ ጥቂት መስመር አዲስ ይጻፉ። ፋየርፎክስ ከ121ኛው እትም ጀምሮ በራሱ በዌይላንድ ይሠራል። ለዌይላንድ ያልተዘጋጁ ፕሮግራሞች ኤክስዌይላንድ በተባለ ማገናኛ ስለሚከፈቱ፣ በአንዱ የሠራ በሌላው ይሠራል ብሎ መገመት አይገባም።

ስክሪን ሼር ማድረግ ሁለተኛው የጭንቀት ምንጭ ነው፤ ምክንያቱን መረዳት ግን ብዙ ንዴት ያስቀራል። በኤክስ ላይ ፕሮግራሞች በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ስክሪን ማየት፣ የሚጻፈውን የይለፍ ቃል እንኳ ማዳመጥ ይችላል። ዌይላንድ ይህን ከለከለ። ስለዚህ ስክሪን የሚቀዳ ወይም የሚያጋራ ፕሮግራም ፖርታል በሚባለው በር በኩል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ምስሉንም ፓይፕዋየር የተባለው ማስተላለፊያ ያደርስለታል። «የትኛውን መስኮት ላጋራ?» የሚል ሳጥን ሲመጣ መምረጥ እንጂ መደንገጥ አያስፈልግም። በሩን የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያል። ለምሳሌ ስክሪን መቅጃው ኦ.ቢ.ኤስ. ይህን መንገድ የያዘው በ2021 ከወጣው 27ኛ እትም ጀምሮ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኦንላይን ስብሰባ ፕሮግራሙ አስቸግሮት ከሆነ ስብሰባውን በብራውዘር ይክፈተው፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል። በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ባለሙያ ከርቀት እንዲረዳዎ ከፈለጉም፣ በሴቲንግስ ሲስተም ውስጥ ያለው ሪሞት ዴስክቶፕ ከውጭ ከሚጫኑት ይልቅ ቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ጽናቱ። በኖም ላይ፣ በኤክስ ሲሠሩ ዴስክቶፑ ቢደርቅ ኦልት እና ኤፍ 2 ተጭኖ፣ አር የምትለዋን ፊደል ጽፎ ኢንተር በማለት መስኮቶቹ ሳይዘጉ ማስነሣት ይቻል ነበር። በዌይላንድ ዴስክቶፑ ራሱ የማሳያው አገልጋይ ስለሆነ፣ እርሱ ሲወድቅ የተከፈተው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ይህ የሥርዓቱ እውነተኛ ድክመት ነው፤ ደጋፊዎቹ ሲያቃልሉት አልስማማም። ፕላዝማ 6 በዚህ ረገድ ይሻላል፤ በኪውት 6 (የፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያ) የተሠሩ ፕሮግራሞች ከውድቀቱ ተርፈው መመለስ ይችላሉ። በኖም ግን መከላከሉ ይቀድማል። ኤክስቴንሽኖች (ለዴስክቶፑ የሚጨመሩ ተቀጽላዎች) በዴስክቶፑ ሆድ ውስጥ ስለሚሠሩ አንዱ ሲበላሽ ሁሉንም ይዞ ሊሄድ ይችላልና፣ መድረቅ ከተደጋገመ መጀመሪያ ሁሉንም አጥፍተው ይመልከቱ። በሊብረኦፊስ አማራጮች ውስጥም የራስ ሰር ማስቀመጫውን ወደ ሁለት ደቂቃ ያውርዱት፤ መብራት ድንገት በሚጠፋበት አገር ይህ ለኤክስ ተጠቃሚም ይበጃል። ላፕቶፑን ከድነው በማስተኛትና በመቀስቀስ መፈተሽም አይዘንጋ፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ በዚያው ማሽን በኤክስ ይሞክሩት፤ በኤክስም ካልነቃ ጥፋቱ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ወይም የድራይቨሩ እንጂ የዌይላንድ አይደለም።

ዌይላንድ በግልጽ የሚበልጠው ፕሮጀክተር ወይም ሁለተኛ ስክሪን ሲሰካ ነው። ለእያንዳንዱ ስክሪን የተለያየ የፊደል መጠንና የምስል ማደሻ ፍጥነት መስጠት ይቻላል፤ ቪዲዮ ሲታይም ምስሉ መሐል ላይ አይሰነጠቅም። መጠኑን 125 በመቶ ሲያደርጉ አንዳንድ መስኮት ከደበዘዘ በኤክስዌይላንድ የተከፈተ ነው፤ 100 በመቶ አድርገው ፊደሉን ብቻ በአክሰሲቢሊቲ በኩል ማሳደግ መፍትሔ ይሆናል።

የሜሞሪ አቅሙ ዝቅተኛ በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ኖምንም ፕላዝማንም አልመክርም። ሊኑክስ ሚንት ሲናሞን ወይም ኤክስኤፍሲኢ ይጫንበት፤ ሲናሞን ከ6.0፣ ኤክስኤፍሲኢ ከ4.20 ጀምሮ ዌይላንድን በሙከራ ደረጃ ይዘዋል፤ በእነርሱ ላይ ለቢሮ ሥራ ኤክስን ሳይነኩ መተው ይሻላል።