ባለ ቀይ ኮፍያው ማነው?

የድሬ ሙቀት ሲጠና ልጆቹን ይዞ ወደ መዋኛ ገንዳ መሮጥ ነው። ስድስት ልጅ፣ አራት ትልቅ ሰው። ሌላው ያያል እየተባለ ማንም አያይም። እኛም አንዴ የእህቴን ልጅ እዚያው አጠገባችን ልናጣው ነበር፤ ጨዋታው ደርቶልን። የሚሰጥም ልጅ እኮ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። ዝም ብሎ ነው የሚወርደው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀይ ኮፍያ ይዘን እንሄዳለን። ያጠለቀው ሰው ስልክ አይነካም፣ ወሬ ውስጥ አይገባም፣ ጫትም የለም አቦ! በየሃያ ደቂቃው ለሌላው ያስረክባል። ሲያስረክብ ልጆቹን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። መዋኘት ለማይችል ልጅ ግን ኮፍያ አይበቃም። አብሮት ውሃው ውስጥ፣ እጅ ሲዘረጋ በሚደርስበት ርቀት፣ ትልቅ ሰው ይኑር።

ባዶ ቢጫ ጀሪካንም ያዙ። ክዳኑን አጥብቁና ገመድ እሰሩበት። ጥልቁ ጋ የሚንፈራገጥ ካለ ዘሎ ከመግባት እሱን ወርውሮ መጎተት ይሻላል። የደነገጠ ሰው አዳኙን ይዞት ይሰጥማል።

ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደረቁ ወንዝ ደቻቱ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ኮፍያም ጀሪካንም አይሠራም። ድሬ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣውን የማያስታውስ የለም። በተራራው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣ ኳሱን ትታችሁ ልጆቹን ከአሸዋው አውጡ።