አንዱ ወፍ ጀልባ ሲከተል ሌላው ለምን ያልፈዋል? በጥናቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሀዋሳ የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ጀልባዎች ወደ ዳር ሲጠጉ አባ ኮዳ (ራሰ በራው ትልቅ ወፍ) ሁሉ እኩል አይነሳም። አንዳንዱ መረቡ ሳይራገፍ ውኃው ዳር ደርሶ ይቆማል፤ አንዳንዱ ዛፉ ላይ እንዳለ ፀሐይ ይሞቃል። ልዩነቱ የወፉ የራሱ ጠባይ ነው ወይስ የዚያ ዕለት አጋጣሚ? በባሕር ወፎች ላይ ይህ ጥያቄ ብዙ ተሠርቶበታል፤ በሰሜን አትላንቲክ ጋኔት በሚባለው ነጭ ጠላቂ ወፍ፣ በደቡብ ውቅያኖሶች ደግሞ አልባትሮስ በሚባለው ክንፈ ረጅም ወፍ ላይ። ጀልባ የሚከተል ወፍ በመንጠቆና በመረብ የመሞት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ ሁልጊዜ የሚሞቱት እነዚያው ደፋሮቹ መሆን አለመሆናቸውን ማወቅ ለጥበቃው ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ዘዴው፣ ማለትም ወፉንም ጀልባውንም በጂፒኤስ መከታተል፣ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ መጥቶ ጋል በሚባለው የውኃ ዳር ወፍ፣ በፔሊካንና በአባ ኮዳ ላይ ሊሠራበት ይችላል። የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ቦታ ነው።

አብሮ መገኘትን እንደ መሳብ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ የሚወለዱት ከዚሁ ነው። የወፉን የጂፒኤስ መስመርና የጀልባውን መስመር ካርታ ላይ ደርቦ የተገናኙበትን ነጥብ መቁጠር ቀላል ነው። ነገር ግን ወፉም አስጋሪውም የሚፈልጉት ዓሣ ያለበትን ቦታ ነው። በጥቁር ውኃ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ጋልም ጀልባም ቢበዛ፣ አንዱ ሌላውን ተከተለ ለማለት አይበቃም።

መታየት ያለበት ወፉ አቅጣጫ መቀየሩ ነው። ወፍና ጀልባ በተቀራረቡ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበሩትን 10 ደቂቃዎችና ከዚያ በኋላ ያሉትን 10 ደቂቃዎች ለብቻ ይቁረጡ። ወፉ የሚበርበት አቅጣጫና ጀልባው ያለበት አቅጣጫ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ጠበበ ወይ? ርቀቱ በተከታታይ ቀነሰ ወይ? ከደረሰ በኋላ ፍጥነቱ ወረደ ወይ? ሦስቱም ከሆኑ ወፉ ወደ ጀልባው ሄዷል ማለት ይቻላል። ማዕዘኑ ሳይጠብ ርቀቱ ብቻ ከቀነሰ፣ ወደ ወፉ የመጣው ጀልባው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ማመሳከሪያ ያብጁ። የሰኞውን የወፍ መስመር ከማክሰኞው የጀልባ መስመር ጋር፣ ሰዓቱን እንዳለ ጠብቀው ያጣምሩ። እውነት ያልነበረው ይህ ጥምረት የሚያወጣው የግንኙነት ቁጥር ከእውነተኛው ጋር እኩል ከሆነ፣ ወፉን የሳበው ቦታው እንጂ ጀልባው አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ቀኖቹን እየቀያየሩ ብዙ ጊዜ መድገም ይገባል።

ሌላው የዚሁ ስህተት ገጽታ ዕድሉን ሳይቆጥሩ ጉብኝቱን ብቻ መቁጠር ነው። አንድ ወፍ ጀልባ ማየት በሚችልበት ርቀት 20 ጊዜ አልፎ 6 ጊዜ ቀረበ እንበል፤ ሌላው 4 ጊዜ አልፎ 3 ጊዜ ቀረበ። ጉብኝት ከተቆጠረ የመጀመሪያው ጀልባ ወዳድ ይመስላል። ከዕድሉ ጋር ሲነጻጸር ግን የመጀመሪያው 30 በመቶ፣ ሁለተኛው 75 በመቶ ነው። ለመደምደም እዚህም አይቸኩሉ፦ በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰን የሁለተኛው እውነተኛ መጠን ከ19 እስከ 99 በመቶ፣ የመጀመሪያው ከ12 እስከ 54 በመቶ ሊሆን ይችላል። ወሰኖቹ ይደራረባሉ። አራት አጋጣሚ ስለ አንድ ወፍ ጠባይ ለመናገር በጣም ትንሽ ነው።

የሌላውን ወፍ ርቀት መበደር

«ጀልባ ማየት የሚችልበት ርቀት» ስንል ስንት ነው? ጋኔት እስከ 11 ኪሎ ሜትር ድረስ ላለ የማስገሪያ መርከብ ምላሽ እንደሚሰጥ ተለክቷል፤ ተጓዥ አልባትሮስ ደግሞ እስከ 30 ኪሎ ሜትር። እነዚህን ቁጥሮች አምጥቶ ሀዋሳ ላይ መለጠፍ ትርጉም የለውም። ሐይቁ ርዝመቱ 16፣ ወርዱ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ወሰን ወፉ ሐይቁ ላይ እስካለ ድረስ ቀኑን ሙሉ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ጀልባ ጋር «ተገናኘ» ይባላል፤ የሚለካ ነገር አይቀርም።

ወሰኑን ከራስዎ መረጃ ያውጡት። ርቀቱን በ200 ሜትር ክፍልፋይ ይደልድሉና በእያንዳንዱ ክፍል ወፉ ወደ ጀልባው የዞረበትን ድርሻ ይሳሉ። ድርሻው ከማመሳከሪያው ከፍ ብሎ የሚታይበት የመጨረሻው ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው። ለጋልና ለፔሊካን ለየብቻ ይሥሩት፤ ከፍ ብሎ የሚያንዣብብ ፔሊካንና ዝቅ ብሎ የሚበር ጋል አንድ ዓይነት እይታ የላቸውም።

የጂፒኤሱ ድግግሞሽም ከዚህ ወሰን ጋር መሄድ አለበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚበር ወፍ በአንድ ደቂቃ 670 ሜትር ያህል ይጓዛል። ወሰንዎ 500 ሜትር ሆኖ መሣሪያው በደቂቃ አንዴ ከመዘገበ፣ ወፉ ጀልባውን አልፎ ሲሄድ አንድም ነጥብ ላይኖር ይችላል። በየ15 ሴኮንዱ ከተመዘገበ በሁለት ነጥብ መካከል ያለው 170 ሜትር ያህል ነው። ባትሪ ይበላል፤ ስለዚህ መረብ በሚወጣበት የጠዋቱ ሰዓት ብቻ ጥቅጥቅ አድርጎ፣ ሌላውን ጊዜ አሳስቶ መመዝገብ ይሻላል።

የማይታየውን ጀልባ እንደሌለ መቁጠር

በባሕር ላይ የመርከብ ቦታ የሚታወቀው ኤአይኤስ በተባለው የመርከብ መለያ ማሰራጫ ወይም ቪኤምኤስ በሚባለው የሳተላይት ቁጥጥር ነው። ሁለቱም ቀዳዳ አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት ኤአይኤስ ግዴታ የሆነው ከ15 ሜትር በላይ ለሆኑ የማስገሪያ መርከቦች ነው፤ ቪኤምኤስ ደግሞ በተለምዶ በየሁለት ሰዓቱ ነው የሚልከው። መረብ እየጎተተ በሰዓት 5.6 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መርከብ በሁለት ሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ይህም ጋኔቱ ምላሽ የሚሰጥበት ርቀት ያህል ነው። ማሰራጫውን የሚያጠፋም አለ። የመርከብ ራዳር የሚለይ መሣሪያ በአልባትሮሶች ላይ ታስሮ በተሠራና በፈረንጆች 2020 በወጣ ጥናት፣ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ወፎቹ ካገኟቸው መርከቦች ቢያንስ 28 በመቶው ኤአይኤሳቸው ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ያለ መርከብ ሲከተል የዋለ ወፍ በመዝገብ ላይ «ጀልባ የማይወድ» ተብሎ ይቀራል።

የሀዋሳ የእንጨት ጀልባ ማሰራጫም ራዳርም የለውም። ስለዚህ ትንሽ የጂፒኤስ መዝጋቢ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርጎ ለአስጋሪዎቹ መስጠት ነው ያለው መንገድ። እዚህ ላይ መተማመን ከመሣሪያው ይበልጣል። መዝጋቢው ለቁጥጥር የተላከ ከመሰለ፣ በጠባብ መረብ ወይም በተከለከለ ቦታ የሚያሰግረው ሰው ቤቱ ትቶት ይሄዳል፤ ያመለጠው ጀልባም እንዲሁ በዕጣ የወጣ አይሆንም። አስቀድመው ከአስጋሪዎቹ ማኅበር ጋር ተቀምጠው የማን መስመር ለማን እንደማይታይ ይስማሙ። በተጨማሪም ከፍ ካለ ቦታ፣ ለምሳሌ ከታቦር ተራራ፣ በየ15 ደቂቃው የጀልባ ቁጥር የሚይዝ ሰው ያቁሙ፤ ከመዝገቡ ውጭ ስንት ጀልባ እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የጀልባውን ሥራም ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፦ ባዶ የሚሄድ፣ መረብ የሚጥል፣ መረብ የሚያወጣ፣ ዓሣ ይዞ የሚመለስ። ሀዋሳ ላይ ዓሣው የሚበለተው በአብዛኛው ዳር ላይ ነው። አሞራ ገደል የሚሰለፈው አባ ኮዳ የሚጠብቀው ሆድ ዕቃና ጭንቅላት ነው እንጂ ጀልባ አይደለም፤ የዳሩን ቆጠራ ከሐይቁ ጋር መቀላቀል ሁለት የተለያዩ ጠባዮችን አንድ ስም መስጠት ነው።

ወፉን ጀልባው አጠገብ መያዝ

ዓሣ አሳይቶ አሞራ ገደል ላይ ወፍ መያዝ ፈጣን ነው፤ ጥናቱን ግን ከመነሻው ይገድለዋል። የተያዙት ሁሉ ሰው የማይፈሩና ጥራጊ የለመዱ ስለሆኑ፣ በመካከላቸው ልዩነት ቢጠፋ አይገርምም። ከጎጆ ወይም ከማደሪያ ቦታ ይያዙ፤ ጎጆዎቹንም በዕጣ ይምረጡ። በሁለተኛው ቀን ለመያዝ ያስቸገረውን ወፍ «ይቅር» ብሎ ማለፍም ያው ስህተት ነው። የመያዣ ፈቃዱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት ሳይነገር አይታለፍ።

አንድ ቀን አይቶ «ጠባዩ ነው» ማለት

ጠባይ ማለት ያው ወፍ በሌላ ቀንም የሚደግመው ነው። እያንዳንዱ ወፍ አንድ ጊዜ ብቻ ከተመዘገበ፣ የወፍ ልዩነትና የቀን ልዩነት በምንም ስሌት አይለያዩም። 10,000 የጂፒኤስ ነጥብ መኖሩ አያድንም፤ ከ8 ወፍ የመጣ ከሆነ ናሙናው 8 ነው። ከ40 ወፍ አንድ አንድ ቀን ከመውሰድ፣ ከ20 ወፍ አምስት አምስት ቀን፣ ቀኖቹንም ተራርቀው፣ መውሰድ ይሻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በወፎች መካከል ያለው ልዩነት 0.6፣ በአንዱ ወፍ ውስጥ ከቀን ቀን ያለው 1.4 ቢሆን፣ 0.6 ለ2.0 ተካፍሎ 0.3 ይሆናል፤ ከጠቅላላው ልዩነት 30 በመቶው የወፉ ማንነት ነው ማለት ነው። ይህ ትንሽ መስሎዎ አይዘኑ። በብዙ ዓይነት እንስሳት ጠባይ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በፈረንጆች 2009 ሲጠቃለሉ አማካዩ 0.37 ገደማ ነበር።

ቀኖቹ ራሳቸው እኩል አይደሉም። በሁዳዴ የዓሣ ገበያው ይደራል፤ ጥራጊውም አብሮ ይበዛል። ግማሹ ወፍ በሁዳዴ፣ ግማሹ ከፋሲካ በኋላ ከተመዘገበ፣ የሚያገኙት ልዩነት የወፍ ሳይሆን የገበያ ነው።

ፆታም እንዲሁ ያሳስታል። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ባሉት በክሮዜ ደሴቶች የሚራቡት ተጓዥ አልባትሮሶች ሴቶቹ ወደ ሰሜን፣ ወንዶቹ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብሉ፣ የቱና መንጠቆ የሚጥሉ መርከቦችን አብዝተው የሚያገኙት ሴቶቹ ናቸው። ፆታውን የማያውቅ አጥኚ ይህን ድፍረት ሊለው ይችላል። በጋልም በአባ ኮዳም ፆታን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር ከክንፍ ሥር ጠብታ ደም ወስዶ በዘረመል ማስመርመር ነው።

መሣሪያውና ቀለበቱ

የተለመደው ጣሪያ የወፉ ክብደት 3 በመቶ ነው። 300 ግራም ለሚመዝን ጋል 9 ግራም፤ ይህም ፕላስተሩንና ማሰሪያውን ጨምሮ ነው። ሳጥኑ ላይ 8 ግራም የተጻፈበት መሣሪያ ከነማሰሪያው ሲመዘን ከ9 ሊያልፍ ስለሚችል፣ አስቀድመው ይመዝኑት። ወፉን ከ10 ደቂቃ በላይ አይያዙ። የመጀመሪያውን ቀን መረጃ ይጣሉ፤ ወፉ ገና ከድንጋጤው አልወጣም።

አባ ኮዳ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሙቀቱን ለማብረድ ኩሱን በገዛ እግሩ ላይ ይለቃል፤ ጥቁር እግሩ ነጭ ኖራ የተቀባ የሚመስለው ለዚህ ነው። በቅልጥሙ ላይ የታሰረ ቀለበት ኮዱ በሁለት ሳምንት ሊሸፈን ይችላል፤ ከዚያም የከፋው፣ ደረቁ ኩስ በቀለበቱና በቆዳው መካከል እየተጋገረ እግሩን ያቆስላል። ስለዚህ ቀለበቱ ከመታጠፊያው በላይ ባለው የእግሩ ክፍል ይታሰራል።

የባሕሩን የምግብ ምርመራ እንዳለ መቅዳት

ጋኔት ጠልቆ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ በሰውነቱ ውስጥ ከባሕር ወለል የሚመጣ ዓሣ የካርቦንና የናይትሮጅን አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) ምልክት ከተገኘ፣ ከመርከብ ከተጣለ ዓሣ መብላቱን ያመለክታል። የደም ፈሳሹ የጥቂት ቀናትን፣ ቀይ ሕዋሱ የሳምንታትን፣ ላባው የበቀለበትን ጊዜ ምግብ ያሳያል። ሀዋሳ ላይ ግን ፔሊካኑ ራሱ የሚይዘውም፣ ከጀልባ የሚወድቅለትም ያው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው፤ አይሶቶፑ አይለያቸውም። እዚህ የሚያዋጣው ቴሌስኮፕ ይዞ ኮዱ የታወቀውን ወፍ መከታተልና የዋጠውን በየተራ መጻፍ ነው፦ ሙሉ ዓሣ፣ ጭንቅላት፣ ሆድ ዕቃ፤ ከውኃው፣ ከመረቡ፣ ከሰው እጅ።