የቪዲዮ ቅንብር ሶፍትዌር ሲመርጡና ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ከሁሉም የምፈራው ክፍል ምርቃቱ ነው። ጭፈራው ቢቆረጥ ሌላ ጭፈራ አለ፤ ኬኩ ቢዘለል የሚያስታውሰው የለም። አያት ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው የመረቁበት ሦስት ደቂቃ ግን ሁለተኛ አይገኝም። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ምርቃት አበላሽቻለሁ። ከካሜራዎቹ አንዱ ስልክ ነበር። ድምፁ ከምስሉ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደና መጨረሻው ላይ የአያትየው ከንፈር ከተዘጋ በኋላ ቃላቸው ብቻውን ይሰማ ጀመር። ያን ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በፕሮግራሙ ላይ ጣልኩ። ዛሬ እንደማውቀው ፕሮግራሙ የሚደክምበትን ቦታ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ችግሩ በግማሽ ሰዓት ሥራ ይወገድ ነበር።

ሙያዊ የሚባሉት የቅንብር ፕሮግራሞች በሙሉ ጠንካሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚሸነፉበት ቦታም አላቸው። ብዙውን ጊዜ የምንጎዳው ያንን ቦታ በርክክብ ዋዜማ ስናገኘው ነው።

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጀመር

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። መልስ የለውም፤ «የትኛውን ድክመት ችዬ ልሠራ እችላለሁ?» የሚለው ግን መልስ አለው።

የአዶቤን ፕሪሚየር ፕሮ ብንወስድ ትልቁ ጉልበቱ ከዚያው ኩባንያ ፎቶሾፕና አፍተር ኢፌክትስ ጋር ተናብቦ መሥራቱ ነው። የፊልም መግቢያ ጽሑፍ፣ ተንቀሳቃሽ ምልክት፣ የማስታወቂያ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይህን ያህል ምቾት ሌላ ቦታ አያገኝም። ነገር ግን አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2013 አዳዲስ ስሪቶችን አንድ ጊዜ መሸጥ ትቶ ወደ ደንበኝነት ክፍያ ዞሯል። ክፍያው ሲቋረጥ ሥራውም ይቋረጣል። በውጭ ምንዛሪ በየወሩ መክፈል ለሚቸግረው የአዲስ አበባ ወይም የሐዋሳ ባለሙያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፋይናል ከት ፕሮ የሚሠራው በአፕል መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው። ማክ ላለው ሰው ፍጥነቱ የሚያስደስት ነው፤ 300 ዶላር ገደማ አንድ ጊዜ ተከፍሎም ይገዛል። ክሊፖቹ እንደ ማግኔት እየተሳሳቡ የሚሰለፉበት ታይምላይን ለሥራው ቅልጥፍና ይሰጣል፤ በሌሎቹ ፕሮግራሞች እጁን ያፍታታ ሰው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንገድ ይጠፋበታል። ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ከሥራ ባልደረባው የመጣለትን የፋይናል ከት ፕሮጀክት መክፈት አይቻለውም።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በቀለም ሥራ ስሙን ያተረፈ ነው። ብላክማጂክ ዲዛይን ፕሮግራሙን የሠራውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዝቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጻ ስሪት አወጣ። ዛሬ በነጻው ስሪት መቁረጥ፣ ቀለም ማረም፣ ድምፅ ማስተካከልና ኢፌክት መሥራት ይቻላል። እኔ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው። ድክመቱ የግራፊክስ ካርድ ሆዳም መሆኑ ነው፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይ በጣም የሚያስቸግር ፕሮግራም ነው። ነጻው ስሪት ውጤቱን ከ3840 በ2160 በላይ አያወጣም፤ በጨለማ የተቀረጸን ምስል የሚያጠራው ጠንካራ የነጠብጣብ (ኖይዝ) ማስወገጃም በሚከፈልበት ስሪት ውስጥ ነው። የእሱ ዋጋ 295 ዶላር ነው፤ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ነው።

አቪድ ሚዲያ ኮምፖዘር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤቶች መሣሪያ ነው። አንድ አቀናባሪ የከፈተውን የክሊፕ ማኅደር ሌሎቹ ማየት እንጂ መለወጥ እንዳይችሉ ስለሚቆልፍ አሥር ሰው በአንድ ፕሮጀክት ላይ ሳይጋጭ ይሠራል። ብቻውን ለሚሠራ የሠርግ ባለሙያ ግን የሚጠይቀው ሥርዓትና የመማሪያ ጊዜ ከጥቅሙ ይበልጣል።

የካሜራውን ፋይል እንዳለ ታይምላይን ላይ መጣል

«ኮምፒውተሬ ፊልም ሲያሳይ አይንተፋተፍም፤ ስቆርጥ ለምን ይንተፋተፋል?» የሚለውን ቅሬታ ያልሰማ አቀናባሪ የለም። ምክንያቱ ፋይሉ ውስጥ ነው። ስልኮችና አብዛኞቹ ካሜራዎች ኤች 264 ወይም ኤች 265 በሚባሉት የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴዎች ሲቀርጹ እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ምስል፣ ሙሉ አድርገው አያስቀምጡም። አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጡና ቀጥሎ ለሚመጡት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ፋይሉ ትንሽ የሚሆነው በዚህ ዘዴ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማየት ምንም ችግር የለውም። አቀናባሪ ግን ወደፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ በቆመ ቁጥር ፕሮግራሙ ሙሉውን ምስል ፈልጎ፣ ለውጦቹን አንድ በአንድ ደምሮ፣ ያን ፍሬም እንደገና መሥራት ይኖርበታል። በሦስት ካሜራ የተቀረጸ ሠርግ ሲሆን ይህን ሥራ በሦስት አባዙት።

መፍትሔው አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት ይሞከር። አራቱም ፕሮግራሞች ፕሮክሲ የሚባለውን ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራሉ። በቅጂው ላይ ይቆርጣሉ፤ ኤክስፖርት ሲያደርጉ፣ ማለትም የመጨረሻውን ፋይል ሲያወጡ፣ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳሉ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም ራሱ ይመለሳል፣ ሌላውን እርስዎ ያዝዙታል። ማታ አዝዘውት ተኝተው ጠዋት ይጀምራሉ። የሚከፈልበት ዋጋ የዲስክ ቦታ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ያለው ባለ 1080 ምስል ፕሮሬስ 422 ወደሚባለው ለመቁረጥ የሚመች የፋይል ዓይነት ሲለወጥ በሰዓት 55 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ፕሮሬስ ፕሮክሲ ሲሆን ወደ 17 ጊጋባይት ይወርዳል። ለመቁረጥ ሁለተኛው ከበቂ በላይ ነው።

የፍሬም ቁጥርን ችላ ማለት

የእስክስታ ቀረጻ ይህን ስህተት ወዲያው ያጋልጣል። ዋናው ካሜራ በሰከንድ 25፣ ስልኩ ደግሞ በ30 ቀርጿል እንበል። ታይምላይኑ ባለ 25 ከሆነ ፕሮግራሙ ከስልኩ ምስል በየሰከንዱ አምስት ፍሬም አውጥቶ ይጥላል። ሰው ቆሞ ሲያወራ አይታወቅም። ትከሻ ሲመታ ግን እንቅስቃሴው ይሰበራል፤ ያ ሲፈስ የነበረ ውዝዋዜ እንደ ተነቀነቀ ፎቶ ይሆናል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ከቀረጻው በፊት ሁሉም ካሜራ በአንድ ቁጥር ይስተካከል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬምና 1/50 የሹተር ፍጥነት በአዳራሽ መብራት ሥር የሚታየውን የሚርገበገብ ጥላም ይቀንሳል።

መግቢያው ላይ ያነሣሁት ምርቃት የተበላሸው ደግሞ የዚሁ ዘመድ በሆነ ችግር ነው። ስልክ «30» ብሎ ቢጽፍም ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲሞቅ ፍሬሙን ዝቅ ከፍ እያደረገ ይቀርጻል። የቅንብር ፕሮግራሞች በመሠረቱ የተሠሩት የማይለዋወጥ የፍሬም ቁጥርን ታሳቢ አድርገው ነው። አንዳንዶቹ ተለዋዋጩን ራሳቸው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ለአጭር ክሊፕ ይሳካላቸዋል። ረጅም ንግግር ሲሆን ግን ዕድልዎን አይሞክሩ። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የስልኩን ፋይል «ቋሚ የፍሬም ቁጥር» በሚለው ምርጫ ለውጠው ከዚያ ያስገቡት። የምርቃት ቀረጻ ሲሆን ይህን ሳላደርግ ታይምላይን አልከፍትም።

በተሰበረ ቁልፍ የሚሠራ ፕሮግራም መጫን

በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረውን ፕሮግራም ብዙዎቻችን እንደ መብት ቆጥረነው ኖረናል። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የክፍያው መንገድ አስቸጋሪ ነው። ሆኖም አደጋው ከሕጉ በፊት ራሱን ሥራውን ይነካል። የፕሮግራሙን ጥበቃ ለመስበር «ጸረ ቫይረሱን አጥፉ» ተብሎ ሲታዘዝ፣ የደንበኛ ፋይል ያለበትን ኮምፒውተር በር ከፍቶ መተው ማለት ነው። ፕሮግራሙ ስለማይታደስም የአዲሱን ካሜራ ፋይል አላነብም ሲል መፍትሔ አይኖርም። ነጻው ሪዞልቭ እያለ ይህን አደጋ መሸከም አያስፈልግም።

በሥራ መካከል ፕሮግራሙን ማደስ

ብዙውን ጊዜ የታደሰው ስሪት ያሮጌውን ፕሮጀክት ይከፍታል፤ አሮጌው ግን የታደሰውን አይከፍትም። ይህ የአንድ መንገድ ጉዞ ነው። ፋይናል ከት ፕሮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 እንደ አዲስ ተሠርቶ ሲወጣ የቀድሞውን ስሪት ፕሮጀክቶች መክፈት እንኳ አይችልም ነበር፤ በብዙ ካሜራ የማቀናበሩ አሠራርም የተመለሰው በ2012 መጀመሪያ ነው። ጎበዝ የሚባሉ ባለሙያዎች ያን ጊዜ ወደ ሌሎች ፕሮግራሞች ተሰደዋል። ማደስ ያለብዎት አንዱን ሥራ አስረክበው ሌላውን ሳይጀምሩ፣ ፕሮጀክቱንም ገልብጠው ካስቀመጡ በኋላ ነው።

ፕሮጀክቱ ቪዲዮውን የያዘ አድርጎ መቁጠር

የፕሪሚየር የፕሮጀክት ፋይል ትንሽ ነው። በውስጡ ያለው የት ቦታ ምን እንደተቆረጠ የሚናገር መመሪያ እንጂ ምስሉ አይደለም። ማኅደሩን ስሙን ሲቀይሩት ወይም ሃርድ ዲስኩን ሲነቅሉት ታይምላይኑ በቀይ ማስጠንቀቂያ ይሞላል። ሪዞልቭ ደግሞ ፕሮጀክቱን የሚያኖረው በራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ፈልገው አያገኙትም። ቪዲዮዎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፣ ፕሮጀክቱን ግን ኤክስፖርት ሳያደርግ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገ ወጣት አውቃለሁ። ምስሉ ሁሉ አለ፤ የሁለት ሳምንት ቁርጡ የለም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ዋና ማኅደር ይክፈቱ፤ ቀረጻው፣ ሙዚቃው፣ ፊደሉ፣ ፕሮጀክቱ ሁሉ እዚያው ይደር። ቅጂው ሌላ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ቤት ይቀመጥ። ፕሮግራሙ ሥራውን በራሱ የሚያስቀምጥበትን የጊዜ ልዩነትም ወደ አምስት ደቂቃ ያውርዱት፤ መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም።

የተዘጋጀ ቀለም ፊት ላይ መለጠፍ

ከኢንተርኔት የሚወርዱት «ሉት» የሚባሉ የቀለም ቀመሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ካሜራና ለአንድ ዓይነት አቀራረጽ ነው። በስልክ ምስል ላይ ሲጫኑ ጥላውን ያጠቁራሉ፣ ብርሃኑን ያቃጥላሉ። የእኛ ሠርግ ደግሞ ለዚህ ስህተት በጣም የተጋለጠ ነው፤ ነጭ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ ከጠይም ፊት ጋር በአንድ ፍሬም ውስጥ ይገኛሉና። ምስሉ «ፊልም ይምሰል» ተብሎ ሲጠቆር የእናትየው ፊት ይጠፋል። ፊቱን ለማውጣት ሁሉንም ሲያበሩት የጥበቡ ጥለት በነጩ ውስጥ ይቀልጣል። አንዲት እናት ቪዲዮውን አይታ «ጥለቴ የታለ?» ብላ ጠይቃኛለች። ያን ጥለት ሸማኔው ስንት ቀን እንደደከመበት እሷ ታውቃለች።

ዓይንዎን ብቻ አይመኑ፤ ክፍሉ ሲጨልም ዓይን ይታለላል። ዌቭፎርም የሚባለውን የብርሃን መለኪያ ከፍተው የነጠላው ነጭ ከጣሪያው በታች መቆየቱን ይመልከቱ። ቬክተርስኮፕ በሚባለው የቀለም መለኪያ ላይ ያለው የቆዳ መስመር ደግሞ ለጠይምም ለቀይም ይሠራል፤ ከሰው ሰው የሚለያየው ብርሃኑ እንጂ የቀለሙ አቅጣጫ ያን ያህል አይደለም። ከዚያ ፊቱን ለብቻው ከብበው ትንሽ ያብሩ። ሪዞልቭ የተሠራው እንዲህ ላለው ሥራ ነው፤ በፕሪሚየርም ይቻላል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። በቀረጻ ጊዜ የተቃጠለ ነጭን ግን የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም።

የግዕዝ ፊደልን ለመጨረሻ ማስቀረት

የሙሽሮቹን ስም ግዕዝ በሌለው የፊደል ዓይነት (ፎንት) ሲጽፉ ፕሮግራሙ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካን የመሰለ ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የፊደል መለያ የተሠራ ፎንት ይጫኑ። በጥንቱ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ስም የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅ ይለወጣል። የተጻፈውን ስም ደግሞ ለቤተሰቡ አሳይተው ያረጋግጡ፤ ዓለሙን «አለሙ» ብለው ቢጽፉ ቅር የሚሰኝ አባት አለ።

ኤክስፖርቱ አልቋል ብሎ መላክ

መስመሩ መቶ በመቶ ሲሞላ ፋይሉ ተጽፏል ማለት ብቻ ነው። በመካከሉ ጥቁር የሆነ ፍሬም፣ የጠፋ ድምፅ፣ ፕሮክሲው እንዳለ ወጥቶ የደበዘዘ ምስል ሊኖር ይችላል። ድምፁም እንዲጎላ ተብሎ ከልክ በላይ ተገፍቶ ከሆነ ዩቲዩብ ራሱ መልሶ ያወርደዋል፤ የተሰነጠቀው ግን እንደተሰነጠቀ ይቀራል።

እኔ የመጨረሻውን ፋይል ከቅንብር ፕሮግራሙ ውጭ፣ በሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ከፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየዋለሁ። የሁለት ሰዓት ሠርግ ከሆነ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። ምርቃቱ ጋ ስደርስ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ተጠግቼ፣ ዓይኔን ከአያትየው ከንፈር ላይ ሳላነሣ እስከ መጨረሻው «አሜን» ድረስ እከታተላለሁ።