ሺሽ ከባብ ያለ እንጀራ

እንጀራ ከቀነስኩ ጀምሮ ያስቸገረኝ ሆዴ ሳይሆን እጄ ነው። ጥብስ ሲቀርብ እጄ ዝም ብሎ ወደ እንጀራው ይሄዳል። በሹካ ስበላው ደግሞ ጥብሱ የሆስፒታል ምግብ ይመስለኛል። ያዋጣኝ ሥጋውን ዘፍዝፎ፣ በዘንግ ሰክቶ ከሰል ላይ ማገላበጥ ነው። ዘንጉን ይዛችሁ ትግጣላችሁ፣ እጃችሁም ሥራ አይፈታም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ እንጀራና ዳቦ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬቱ ብቻ ከወረደ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ሥጋ ቤት። እዚህ ጅማ "ለጥብስ" ካላችሁ ሥጋ ሻጩ ከዚህም ከዚያም ቀላቅሎ ይመዝንላችኋል። ለድስት ችግር የለውም፣ ለከሰል ግን አይሆንም፤ አንዱ ቁራጭ ሲደርስ ሌላው ገና ጎማ ነው። ስለዚህ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። እኔ ሽንጥ እወዳለሁ። ጭቅና ለስላሳ ነው፣ ግን ውድ ነው፣ ስብ ስለሌለውም እሳት ላይ ቶሎ ይደርቃል። ለ1 ኪሎ ሽንጥ ሩብ ኪሎ ሻኛ አስጨምሩ። ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፤ በየሁለት ቁራጩ መሃል ትንሽ ሻኛ ስትሰኩ ስቡ እየቀለጠ ቀዩን ሥጋ ያርሰዋል። ስብ ፈርታችሁ ከሆነ ደግሞ እንጀራውን ትታችሁ ስቡንም ከተዋችሁ በምን ልትጠግቡ ነው?

እንግዶቻችሁ የተቀላቀሉ ከሆኑ፣ ጅማ ላይ ደግሞ አለመቀላቀል አይቻልም፣ የሥጋ ቤቱን በር አይታችሁ ግቡ። መስቀል ካለበትም ጨረቃ ካለበትም ለየብቻ ገዝታችሁ፣ በሁለት ሳህን ዘፍዝፋችሁ፣ ምድጃውንም ለዩት። "ማን ያውቃል" ብሎ ማደባለቅ ነውር ነው።

ትኩስ ሥጋ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ ይጣላኛል። ከብት ከታረደ በኋላ ጡንቻው ለሰዓታት ድርቅ ብሎ ይቆያል፣ የሚላላው ቀስ በቀስ ነው። ጠዋት የታረደው ለጥሬ ይሁንላችሁ፣ ለከሰል ግን ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ይሻላል። መዘፍዘፊያውም በዚያው ሌሊቱን ይሠራል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከሄደ ማሳደሩን ተዉት፣ አንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ ጥበሱ።

ሥጋውን 3 ሳንቲሜትር ያህል አድርጋችሁ በአራት ማዕዘን ክተፉት። ለ1 ኪሎ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል ውቀጡ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ ቁንዶ በርበሬ፣ እንደ አቅማችሁ ሚጥሚጣ፣ ከሁለት ዘለላ ላይ የረገፈ የጥብስ ቅጠል። ኮረሪማውን የተፈጨ አትግዙ። ፍሬውን ሰንጥቃችሁ፣ ዘሩን ምጣድ ላይ ትንሽ አሙቃችሁ ራሳችሁ ውቀጡት፤ ሽታው ከጎረቤት ሰው ይጠራል። ቅቤ እዚህ አይገባም፣ ፍሪጅ ውስጥ ይረጋና ሥጋው ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። ሎሚውም ሌሊቱን አይደርበት፤ አሲዱ የሥጋውን ላይ ነጭ አድርጎ ያደርቀዋል። ሊጠበስ አንድ ሰዓት ሲቀረው የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምቁበት፣ ይበቃል።

ሥጋው ያረጀ በሬ ከሆነ አረንጓዴ ፓፓያ አለ። ያልበሰለውን ፈቅፍቃችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ፓፓያው ውስጥ ፓፔይን የሚባል ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም አለ። ሌሊቱን ካሳደራችሁት ግን ሥጋው ሊጥ ይሆናል፣ ሊጥ ደግሞ ትተናል።

ስለ ማር ልናዘዝ። መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ "የጅማ ሰው ሆኜ ማር ሳላስገባ?" ብዬ ሦስት ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨመርኩ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ዘንጎቹ በሙሉ ጥቁር ሆኑ። ስቆርጠው ውስጡ ደም ነው። ስኳር እሳት ላይ ከሥጋው ቀድሞ ይቃጠላል። ለዳይቱም ቢሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 17 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ሥጋው ራሱ ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ ዳይቱን የሚያፈርሰው የምንቀባው ነገር ነው። ኬችአፕም ያው ስኳር ነው። አዋዜ ከገዛችሁ ማር ወይም ጠጅ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ።

ዘንጉን ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ባለ 6 ፌሮ፣ 35 ሳንቲሜትር አስቆርጡና ጫፉን አሹሉት፣ መሃሉን በመዶሻ ጠፍጠፍ ያድርግላችሁ። ክብ ከሆነ ዘንጉን ስታዞሩት ሥጋው አብሮ አይዞርም፣ አንዱ ጎን ብቻ ያራል። ከመጠቀማችሁ በፊት ፍም ላይ አቃጥላችሁ በአመድ ፈትጋችሁ እጠቡት። የአጥር ሽቦ ግን በጭራሽ! ዚንክ የተነከረ ነው፣ ሲግል ጭሱ መርዝ ነው። የእንጨት ስንጥር ከሆነ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆይ።

ስትሰኩ አታጨናንቁት። ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ ከሥጋው ጋር ማፈራረቁ ለፎቶ ያምራል እንጂ አብረው አይበስሉም፣ ለብቻ ዘንግ ስጧቸው። ሽንኩርቱንም አታብዙ፣ 100 ግራሙ 9 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ቲማቲም ከዚያ ግማሽ አይሞላም።

ከሰሉን በላምባ አታቀጣጥሉ፣ ሥጋው ላምባ ላምባ ይላል። ጭሱ እስኪጠፋና ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። መዳፋችሁን ከፍሙ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሦስት ወይም አራት ቆጥራችሁ እጃችሁን ካነሳችሁ ልክ ነው። ዘንጎቹን ማንደጃው ከንፈር ላይ አጋድሙ። በየሁለት ደቂቃው እያዞራችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ስቡ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሳል፤ ውሃ አትርጩ፣ አመዱ ቡን ብሎ ሥጋው ላይ ያርፋል። ዘንጉን ለአፍታ ወደ ጎን ሳቡት። ሊወጣ ሲል የቀለጠ ንጥር ቅቤ ቀቡት፣ ያን ጊዜ የሚነሳው ጭስ ነው ሽታውን የሚሰጠው። ኮሶ የምትፈሩ አንዱን ቁራጭ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት። ዶሮ ከሆነ ቀይ ነገር ፈጽሞ አይቅርበት።

ዝናብ ይመጣል። ጅማ ነው፣ ይመጣል። ማንደጃውን ወደ በረንዳ አስጠጉ፣ ግን ቤት አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ከጎኑ ጎመን፣ አይብ፣ ቆጭቆጫ። አቮካዶ እዚህ ሞልቷል፣ ከሎሚ፣ ከጨውና ከተከተፈ ቃሪያ ጋር ፍጩት፤ አብዛኛው ካርቦሃይድሬቱ ፋይበር ስለሆነ አትስጉ። የተረፈውን ሥጋ ጠዋት ከእንቁላል ጋር አሙቁት። ቤተሰቡ ማርቃውን (ገንፎውን) ከቦ በቅቤ ሲያጠቅስ አይናችሁን መለስ ማድረግ ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

ቡናው ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቀኑን ሙሉ ተጠንቅቃችሁ ውላችሁ በሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ያውም እስከ በረካ፣ ልፋታችሁን ገደል ይከተዋል። ያለ ስኳር የማይሆንላችሁ ከሆነ በጨው ሞክሩት፣ ገጠር ገባ ስትሉ እንደዚያ የሚጠጡ ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ሲኒ ፊት ያስኮሳትራል፣ ሦስተኛው ላይ ትለምዱታላችሁ።