ቀኑን ሙሉ በእግር፦ የረጅም መንገድ ችግሮችና መፍትሄያቸው፣ በጎንደር መንገዶች

ከጧት እስከ ማታ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር በእግሩ ሊሄድ ቆርጦ የተነሳ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አቅም አንሶት አይደለም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያስቀመጠው ሕመም ጧት 3 ሰዓት ላይ ምልክት ሰጥቶ ነበር፤ «ትንሽ ልግፋና አያለሁ» ተብሎ ታለፈ። በዚህ ፈተና ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ልምድ ገና ሳይደክሙ መቆም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ መንገድ በትክክል ይሠራል። ስለዚህ ከታች ያለውን ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት፤ መንገድ ላይ ደግሞ ከሚሰማችሁ ምልክት ተነሱ።

«ውስጥ እግሬን አንድ ቦታ ላይ አቃጠለኝ»

ይህ ገና ውሃ አልቋጠረም፤ ሊቋጥር ነው። ቆዳው በላብ ረጥቧል፣ ካልሲው ይፋትገዋል፣ ሙቀቱም ተጨምሮበታል። ከሦስቱ አንዱን ማስቀረት ከተቻለ ብዙ ጊዜ ይድናል። እዚያው ቁጭ በሉ፤ ጫማውንም ካልሲውንም አውልቁ፤ እግሩን አድርቁ፤ ጠጠር ካለ አራግፉ፤ የሚያቃጥለው ቦታ ላይ ከፋርማሲ የሚገዛውን የጨርቅ ፕላስተር ሳይጨማደድ ለጥፉና ደረቅ ካልሲ ቀይሩ። 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «አዘዞ ስደርስ አየዋለሁ» ያለ ሰው ከጎንደር ወጣ ያለችው አዘዞ ሲደርስ የሚያየው የቋጠረ እግር ነው።

ውሃ ከቋጠረ በኋላ ምክሩ ይለያል። ትንሽ ከሆነና መርገጥ የማይከለክል ከሆነ አታፍርጡት፤ ቆዳው ራሱ ከሁሉ የተሻለ መሸፈኛ ነው። ትልቅ ሆኖ የሚወጥር ከሆነ ግን ቦታውን በንጹህ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ፣ በአልኮል የተጠረገ መርፌ ከጠርዙ በኩል ወግታችሁ ውሃውን አውጡት። ከላይ ያለውን ቆዳ አትላጡት፤ በንጹህ ፋሻ ሸፍኑት። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን በራሱ እጅ አይሞክረው፤ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ።

መነሻው ብዙ ጊዜ ጫማው ነው። ለዚህ ቀን ተብሎ ትናንት የተገዛ ስኒከር ይዞ መውጣት ችግርን ገዝቶ መውጣት ነው። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ከአውራ ጣት ፊት የጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ያለው፣ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የተረገጠ ጫማ ይሁን። የጥጥ ካልሲ ላቡን ይዞ ስለሚቆይ ሰው ሠራሹ ይሻላል። ብሽሽትና ብብት የሚላላጠውም በዚሁ መፋተግ ነው፤ ጧት ከቤት ሳትወጡ ቫዝሊን ቀቡት።

«ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል»

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ምልክት ከሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች ይመጣል፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ጉዳት ነው።

የመጀመሪያው የውሃ እጥረት ነው። አፍ ይደርቃል፣ ሽንት ያንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ብድግ ሲሉ ያዞራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ነፋሱ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ምን ያህል እንደፈሰሰ አይታወቅም። መፍትሄው ጥላ ፈልጎ ማረፍና በትንሽ በትንሹ መጠጣት ነው። ከፋርማሲ የሚሸጠው ኦአርኤስ ካለ በጣም ጥሩ፤ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በጥብጡ። ጨው ከዚህ አይብለጥ።

ሁለተኛው ባዶ ውሃ ማብዛት ነው። ሳይጠማው በየደቂቃው የጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ሽንቱ ብዙና እንደ ውሃ የነጣ ይሆናል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጣቶቹ አብጠው ቀለበት ይጠብቃል፣ ራሱን ያመዋል፤ ሲብስ ንግግሩ ይዛባል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ጠጣ፣ ጠጣ» ማለት አደጋ ነው። ውሃውን አስቁሙትና ጨዋማ ነገር ይብላ፤ ግራ መጋባት ከጀመረው ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት። የእጅ ጣት ብቻውን ማበጡ ግን እጅን አንጠልጥሎ ብዙ ከመሄድ የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው፤ እጅን አልፎ አልፎ ወደ ላይ ማንሳት ያቀልለዋል።

ሁለቱንም የሚከላከለው ሲጠማ መጠጣት፣ ከውሃው ጋር ጨው ያለበት ምግብ መብላት ነው። ጨው የገባበት በሶ ሁለቱን ባንድ ላይ ያሟላል። ከምንጭም ሆነ ከወንዝ ከቀዳችሁ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሆድ ከሚያስይዝ ተቅማጥ የባሰ ነገር የለም። ጠላ በየመንገዱ ይቀርብላችኋል፤ አመስግናችሁ ለማታ አቆዩት።

«በድንገት ሁሉም ነገር አስጠላኝ»

ከሰባት ስምንት ሰዓት ጉዞ በኋላ ያለ ምክንያት መናደድ፣ ማልቀስ ማማር፣ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ። ብዙ ሰው ወኔዬ ከዳኝ ብሎ ያዝናል። የከዳው ስኳሩ ነው። ተቀምጣችሁ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ውሰዱ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስለ ማቋረጥ ከዚያ በኋላ ወስኑ። እንዳይደገም በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር (ካርቦሃይድሬት) ከምግብ መውሰድ ይበቃል፦ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ በማር የተለወሰ በሶ። የገብስ ቆሎ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አፍ ሲደርቅ አልዋጥ ስለሚል ብቻውን አትመኑበት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ይህን ፈተና ከጾሙ ወቅት ውጭ ያዙት፤ ሁለቱን መደረብ ለሰውነት ከባድ ነው።

«ቁልቁለት ላይ ጉልበቴን»

የጉልበት ውጫዊ ጎን ሲወርዱ ብቻ የሚወጋ ከሆነ እርምጃው ረዝሟል። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጋችሁ አትርገጡ፣ ዱላ ያዙ። ዱላ በአገራችን ያለ ምክንያት የመንገደኛ ጓድ አልሆነም፤ ከጉልበት ላይ ጭነት ያነሳል፣ ጎህ ሳይቀድ የሚጮኸውን ውሻም ያርቃል። የአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ቀኑን ሙሉ በአንድ ጠርዝ መሄድም አንዱን ጉልበት ይጎዳል፤ ለጥ ያለ የአፈር ዳር ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። በግራ በኩል፣ መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ።

የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረውም ቁልቁለት ላይ ነው፤ እግር ወደ ፊት እየተንሸራተተ ስለሚመታ። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ፤ የጫማው ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጥበቅ። የቅልጥም ፊት ካመመ ደግሞ በተቃራኒው ማሰሪያውን አላሉት። ባት ሲሸማቀቅ ጣቶቹን ወደ ራስ ስቦ መወጠር፣ ከዚያ ፍጥነት መቀነስ።

«ሳልጨርስ መሸብኝ»

ምክንያቱ ስሌት ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ጥሩ እርምጃ ነው፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩ። 45 ኪሎ ሜትር ሜዳውን ብቻ 9 ሰዓት ነው፤ ከዕረፍት ጋር ከ10 ሰዓት ተኩል አያንስም። ጧት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ 2 ሰዓት ላይ የተነሳ ግን ጨለማ ይውጠዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ መልስ ነው፤ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው፣ ሱቅና ባጃጅ ያለበት መንገድ ነው። ሲመለሱ ዳገት መሆኑን አትርሱ፤ ሁለቴ ለመመላለስ ያሰበ ለመጨረሻው ዳገት ጉልበት ይቆጥብ። በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱ ብዙ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ስለዚህ ደረቅ ልብስና ጋቢ ያስፈልጋል። በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው፤ የደንቢያ ሜዳ ይሞቃል፣ በክረምት ጥቁር አፈሩ ጫማ ይይዛል። ይህ ልምድ ላላችሁ ነው፣ በጥቅምትና በኅዳር። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን የዚያኑ ሳምንት ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ፤ ካጠራጠራችሁ አዘዞን ደጋግሙ፤ ኪሎ ሜትሩ ያው ነው።

መፍትሄው ማቆም ብቻ የሆነባቸው

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የአነጋገር መዛባት፣ ሰውነት እየጋለ ግራ መጋባት፣ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት። እነዚህ ሲታዩ ፈተናው አልቋል፤ መኪና አስቁማችሁ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ብቻውን የሚሄድ ሰው ይህን ለራሱ ላያስተውል ስለሚችል ከጓደኛ ጋር ውጡ፤ ካልተቻለ በየሁለት ሰዓቱ የሚደወልለት ሰው ይኑር፤ ሳይደወል ሲቀር ምን እንደሚያደርግም ከወዲሁ ተነጋገሩ።